ጎማ ከመምረጣችሁ በፊት የት መውደቅ እንደምትፈሩ ምረጡ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ማይኩና እኔ ብቻ ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባ ይቅርታ፤ ለነገሩ ከርዕሱ ጋር ይሄዳል።

ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ጎበዝ ጎማ የቱ ነው?» እኔም መልሼ «የት ነው መውደቅ የምትፈራው?» እላለሁ። የሚስቅ አለ። እኔ ግን ከምሬ ነው። መንገዱን ሁሉ የሚይዝ ጎማ አልተሠራም። ጥርሱ የተራራቀው የጭቃ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ይከዳል። ለአስፋልት የተሠራው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ቦዩ ይደፈንና ከላጭ ጎማ አይለይም። አንዱ ቦታ ላይ መከዳታችሁ አይቀርም። የት ይሁን የሚለውን ነው እናንተ የምትመርጡት።

የእኔ መልስ ግልጽ ነው። ጭቃ ላይ ልውደቅ። ጭቃ ላይ ስትወድቅ ፍጥነትህ የእግረኛ ነው። ልብስህ ይታጠባል፣ ሰፈርተኛው ይስቅብሃል፣ አለቀ። ቀለበት መንገድ ላይ ስትወድቅ ግን ከኋላህ ሲኖ አለ። ሆኖም ብዙ ሰው ሞተሩ የገጠር ሞተር ስለሚመስል ብቻ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ይገጥምለታል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ከመገናኛ ሜክሲኮ ሲመላለስበት ይከርማል። ለፎቶ ያምራል፤ እሱን አልክድም።

የእኔን ሞተር ለማታውቁ፣ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ኤስ ነው። ሞዴሉ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ሞተር ገጠር የሚወርድበት ዘመን ነበር። የእኔውም ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ በሐራጅ የወጣ ነው። ባለ 6 ቮልት ነው። ፍሬኑ ፊትም ኋላም ከበሮ ነው፤ ዲስክ የለም፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስም የለም። የፊት ጎማው 2.75-21፣ የኋላው 4.10-18 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው። ማለትም የፊቱ ጎማ ስፋት ሰባት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያም ውስጥ መሬት የሚነካው ትንሽ ቁራጭ ነው። እንግዲህ ሕይወታችንን የተሸከመው ያ ቁራጭ ነው።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከሁሉ የምፈራው ከባዱን ዝናብ አይደለም። መጀመሪያ የሚጥለውን ካፊያ ነው። ከርሞ የተጠራቀመ አቧራ፣ ከመኪና ሆድ የተንጠባጠበ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ሁሉም ከውኃው ጋር ይቦካና አስፋልቱን በሳሙና እንደታጠበ ወለል ያደርገዋል። ዝናቡ ጠንክሮ ከጣለና መንገዱን ካጠበው በኋላ ይሻላል። ስለዚህ ካፊያው ሲጀምር አንድ ቡና ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዛለሁ። ይህን ከማንኛውም ጎማ በላይ አምነዋለሁ።

መጠበቅ ካልቻላችሁ ደግሞ የመስመሩን መሐል ልቀቁ። ዘይቱ የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። የመኪና ጎማ የሚሄድበትን ዱካ ያዙ። አደባባይ ላይ አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ። ታንኩን እስከ አፉ የሞላ የጭነት መኪና ሲዞር ናፍጣ ያፈሳል፤ ናፍጣ ከሸተታችሁ እሱን ተከትላችሁ አትጋደሙ። ዜብራው ላይ ያለው ነጭ ቀለምና የጉድጓድ ክዳን ብረትም እርጥብ ሲሆኑ ያው ናቸው። አንጦጦ ስትወጡ ደግሞ የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለላችሁ።

ኮብልስቶን የራሱ ዓለም ነው። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ ሲነጠፍ ሻካራ ነው። መኪና ሲመላለስበት ግን አናቱ ይለሰልሳል። በዚያ ላይ የብዙ ሰፈር ኮብልስቶን ዳገት ነው። እዚህ ላይ ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ለምን እንደሚያስቸግር ይታያችኋል። ድንጋዩ በራሱ የተከፋፈለ ነው፣ ጎማውም የተከፋፈለ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በጣም ያንሳል። ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ ነው የሚሻለው። አነዳዱም ቀላል ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ። ታንኩን በጉልበታችሁ ያዙት፣ መሪውን ግን ላላ አድርጉት። ይንቀጥቀጥ፣ ተዉት። መሪውን አንቀው የሚይዙ ሰዎች የድንጋዩን ምት ሁሉ ወደ ሞተሩ መልሰው ይልኩታል።

ፍሬንን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሁለት ጣት በፊት ፍሬን ላይ፣ ቀስ እያላችሁ መጫን። የኋላው ጎማ ቢቆለፍ ሞተሩ ጅራቱን ያወዛውዛል፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። የፊቱ ከተቆለፈ መሪ የሚባል ነገር የለም። ከበሮ ፍሬን ያላችሁ ደግሞ ወንዝ ወይም ኩሬ ካቋረጣችሁ በኋላ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ይዛችሁ ትንሽ ንዱ። ውስጡ የገባው ውኃ በሙቀት ይወጣል። ካልሆነ ፍሬን በፈለጋችሁበት ሰዓት ባዶ ነው።

ስለ ጭቃ ብዙ አልልም፤ ስለ መረሬ ግን ማለት አለብኝ። በጊንጪ፣ በበቾ ሜዳ ወይም በአድአ በክረምት የሄደ ያውቀዋል። ያ ጥቁር አፈር ማንሸራተት ብቻ አይደለም፣ ይጣበቃል። ጎማው ላይ ይጠቀለልና ከጭቃ መከላከያው ጋር እየታጨቀ መጨረሻ ላይ ጎማው መዞር ያቆማል። ሞተሩ ይጮኻል፣ እናንተ አትሄዱም። የፊት ጭቃ መከላከያቸው ከፍ ብሎ የተሠራ ሞተሮች የሚሻሉት ለዚህ ነው። መከላከያው ከጎማው ጋር የተጠጋ የከተማ ሞተር ካላችሁ መከላከያውን ፈትቶ ጀርባ ላይ ማሰር ነው። ደግሞ እንጨት ያዙ፣ ለመፈቅፈቂያ። የዚያ አገር ሰው ግን ከሁላችንም ብልህ ነው። ፀሐይ እስኪመታው ይጠብቃል።

አሁን ወደ ግዢው። መርካቶ ጎማ ተራ ለአሮጌ ሞተር የሚሆን ጎማ ስትፈልጉ ገበያውን የሞላው 17 እና 18 ኢንች ነው። ባለ 21 ሲገኝ ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ የከረመ ነው። ሻጩ በቅባት ወልውሎ ያወጣልሃል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። «ወንድሜ፣ ፀጉሩ እንኳ አልረገፈም!» ይልሃል። እውነቱን ነው፤ ያቺ ከፋብሪካ ይዟት የሚመጣት የላስቲክ ፀጉር አለች። አንተ ግን ጎኑን አዙረህ ዲ.ኦ.ቲ. የሚለውን ፈልግ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ። 1114 ካለ በ2014 በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ። ከዚያ ጥርሱን በጥፍርህ ጫን። ጥፍርህ የማይገባበት ከሆነ ላስቲኩ ደርቋል። የደረቀ ጎማ ፀጉሩ ቢኖርም እርጥብ መንገድ አይዝም።

«ሰፋ ያለ ይሻላል» የሚላችሁንም አትስሙ። የአሮጌ ሞተር ቸርኬ ጠባብ ነው። ሰፊ ጎማ ሲገጠምበት ከሁለቱ ጎን ይጨመቅና መሐሉ ይሾላል፤ መሬት የሚነካው ከበፊቱ ሊያንስም ይችላል። ሰንሰለቱን የሚነካበት ጊዜም አለ። ድሮ በቀጭን ጎማ ምን እንደተሠራ ላስታውሳችሁ። በፈረንጆቹ 1969 ማልኮም አፕሂል የተባለ ጋላቢ ትራያምፍ ቦነቪል በሚባል ለገበያ በሚሸጥ ሞተር፣ አይል ኦፍ ማን ደሴት ላይ በሚካሄደው ቲቲ የሚባል የሞተር ውድድር አንድ ዙር በአማካይ ከ100 ማይል በሰዓት በላይ ነዳ፤ ወደ 161 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ዓይነት ሞተር የመጀመሪያው ነበር። የነዳበትን የደንሎፕ ኬ 81 ጎማ ከዚያ ወዲህ ቲቲ 100 አሉት። ዛሬም ይሸጣል።

የአየር ልክ ላይ ከጎሚስታ ጋር እንጣላለን። ጎሚስታው ለሚኒባስ በለመደው እጁ ድንጋይ እስኪሆን ይሞላዋል፣ በመዶሻ ኳ ኳ ያደርገውና «ሂድ» ይላል። ለእንደኔ ዓይነት ቀላል ሞተር ወደ 1.5 ባር ይበቃል፤ የእናንተን መመሪያው ላይ እዩ። ኮረኮንች ላይ ትንሽ መቀነስ ይቻላል፣ ግን አታብዙት። አየሩ በጣም ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳሪያውን መንፊያ አብሮ ይቆርጠዋል። ገንዘብ ከጠበባችሁም አዲሱን ለፊት ግዙ። የኋላው ትንሽ ይታገሣችኋል።

እኔ የመረጥኩት ጥርሱ የተቀራረበ፣ ግማሽ ለአስፋልት ግማሽ ለፒስታ የሚሆነውን ነው። መረሬ ላይ ከንቱ ነው፤ ተስማምተናል። ሰሞኑን የፊቱን ቀይሬዋለሁ። አዲስ ጎማ ላዩ እስኪፈተግ ያንሸራትታል፣ የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ረጋ ማለት ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ባጃጅ ሁሉ እየቀደመኝ ስሄድ ካያችሁኝ በክላክስ አትሳደቡ። በሚቀጥለው ዝግጅት በ6 ቮልት መብራት ማታ እንዴት እንደሚነዳ እናወራለን፤ ወይም ለምን እንደማይነዳ። ሰላም ሁኑ።