የተረፈ ባቲንግ አላችሁ? ክብሪት አምጡ

(ምስል፦ የቁም ሳጥን በር ሲከፈት ነጭ ነገር ተዘርግፎ ይወርዳል)

ይኸውላችሁ። የሁለት ዓመት ትርፍራፊ ነው።

ኩዊልት፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋውን ድርብ አልጋ ልብስ፣ የምትሰፉ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ባቲንግ ማለት ከላይኛው ጨርቅና ከገበሩ መሃል የሚገባው፣ ሙቀቱን የሚሰጠው ንጣፍ ነው። አገር ቤት ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ባዘቶውን ጠፍጥፈው እንደ ጣቃ የጠቀለሉት ነው የሚመስለው።

እዚህ አሜሪካ በአልጋ ልክ ተቆርጦ ይሸጣል። የኩዊን አልጋው 90 በ108 ኢንች ነው። የሰፋችሁት 80 በ90 ቢሆንና በየጎኑ 4 ኢንች ትርፍ ብትተዉለት፣ 10 ኢንች ስፋትና 90 ኢንች ርዝመት ያለው ቁራጭ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከአንድ አልጋ ልብስ ብቻ! እንዳይጣል ያሳሳል፣ ሲጠራቀም ደግሞ ይሄው በሩ አልዘጋ ይላል።

እኔ ድሮ በመጠን ነበር የምለየው። ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ። ሲታይ ያምራል፤ ግን ምንም አይጠቅምም። መጀመሪያ መለየት ያለበት ዓይነቱ ነው። ይሄን የተማርኩት የድስት መያዣ ሰፍቼ፣ ከኦቨን የወጣ የብረት መጥበሻ ስይዝበት ነው። ውስጡ የከተትኩት ፖሊስተር ኖሯል። ቀለጠና ጨርቁን አጣብቆ እንደ ላስቲክ ደረቀ፤ መዳፌም የድርሻዋን ቀመሰች። ነጭ በነጭ ሆኖ በዓይን አይለይማ።

(ምስል፦ የእቃ ማጠቢያው ጋ፣ ወረንጦና ክብሪት)

ስለዚህ እናቃጥል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቅደዱና በወረንጦ ያዙ፤ ሲንኩ ላይ ሆናችሁ፣ ቧንቧው አጠገባችሁ ሆኖ። ጥጥ ወዲያው ይያያዛል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱን በጣት ስትነኩት ብን ይላል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ስታርቁት ራሱ ይጠፋል። ፖሊስተር ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ሳይበርድ እንዳትነኩት፣ ከጣት ጋር ይጣበቃል። አታላዩ 80 በመቶ ጥጥ፣ 20 በመቶ ፖሊስተር የሆነው ቅይጥ ነው፦ እንደ ጥጥ ይነድና አመዱ ውስጥ ጠጠር ጠጠር የሚል ነገር ይተዋል። እሱን ከእሳት ነክ ሥራ አርቁት።

ያወቃችሁትን እዚያው ጻፉ። ነገ አስታውሰዋለሁ አትበሉ፣ አታስታውሱትም። ወረቀት ላይ ዓይነቱንና ስፋቱን ጽፌ በመርፌ ቁልፍ ጫፉ ላይ እሰካለሁ። ከዚያ ጠቅልዬ እንጂ አጥፌ አላስቀምጥም፤ እጥፋቱ መስመር ይዞ ይቀራል። ማስቀመጫዬ ሦስት አሮጌ የትራስ ልብስ ነው፦ ጥጥ፣ ሱፍ፣ ቅይጥና ፖሊስተር። በቃ።

(ምስል፦ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን፣ ካሜራው ቀርቦ)

አሁን ወደ ዋናው፣ ማጋጠም። ትልልቆቹን ገጥማችሁ አንድ ሙሉ ንጣፍ ማውጣት ይቻላል። ጠርዛቸውን በማስመሪያ አስተካክላችሁ ቁረጡ። ከዚያ ጠርዝ ከጠርዝ ይሳሳም። አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ! ከተደራረበ፣ ጨርቁ ሥር እንደ ጅማት የቆመ መስመር ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ዛሬም በእጄ ስዳስሰው አለ። መኪናውን ሰፊ ዚግዛግ ላይ አድርጋችሁ፣ መርፌው አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን እንዲወጋ መሃል ለመሃል ስፉ። አትጎትቱት፣ ራሱ ይሄዳል። ከጎተታችሁት ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሞገዳል።

የሚጋጠሙት ዓይነታቸውም ውፍረታቸውም አንድ ይሁን። ያልታጠበ የጥጥ ባቲንግ ሲታጠብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይገባል፤ ፖሊስተር ግን ብዙም አይገባም። ሁለቱን ካጋባችሁ፣ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ግማሹ ተጨማዶ ግማሹ ተዘርግቶ ይወጣል።

የተጋጠመ ባቲንግ ነውር ነው የሚል ሰው ገጥሞኛል። አላባማ ጂስ ቤንድ የሚባል ቦታ ያሉ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ጭምር የሰፉት ኩዊልት በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቅሏል። እኔና እናንተ በቁራጭ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ትንንሾቹስ? ከሱፉ የመርፌ መስኪያ ሙሉ፤ ተፈጥሯዊ ቅባት ስላለው መርፌ ቶሎ አይዝግም ይባላል፣ የኔም አልዛገም። ከጥጡ የድስት መያዣ፣ ሁለት ድርብ አድርጋችሁ። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚገባ የሳህን ማቀፊያ ከሆነ ጨርቁም ክሩም ሳይቀር ጥጥ ይሁን። ፖሊስተሩ አቧራ ይይዛል፣ የመወልወያ እንጨት ላይ ጠቅልሉትና አልጋ ሥር ላኩት።

እኔ የምወደው ግን የሲኒ መጠቅለያውን ነው። ባለ 10 ኢንቹን ረጅም ቁራጭ በሁለት ጨርቅ መሃል አድርጌ፣ በየሲኒው ልክ ኪስ ኪስ ሰፋሁለት፤ ተጠቅልሎ በሪባን ይታሰራል። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመለስ ስድስት ሲኒ በሻንጣ አመጣሁበት። ስድስቱም በሰላም ሜሪላንድ ገቡ። የተሰነጠቀው ረከቦቱ ነው፤ ለእሱ ባቲንግ አልተረፈኝም ነበር።