«ኤጀንት አላችሁ ወይ?»

እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም በዚህ ትራፊክ የመጣችሁትን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ከ2024ቱ የኮሚሽን ደንብ ለውጥ ወዲህ የእኛ የቤት ኤጀንቶች ሥራ ምን ላይ እንዳለ ነው። እሱን እነግራችኋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር የመጣሁት በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አንድ ነገር ለማውጣት ነው። ስለ አዲስ ቤት ነው። ደንበኛችን እኛን ሳይዝ ሄዶ ስለሚፈርምበት አዲስ ቤት።

መቼም እንተዋወቃለን። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን የመጣንበት መንገድ አንድ ነው። ፓርኪንግ የሠራ አለ፣ ታክሲ የነዳ አለ፣ ሆቴል አልጋ ያነጠፈች አለች። እኔ ሌሊት ነዳጅ ማደያ ካሸር እየሠራሁ፣ ቀን ለላይሰንስ ፈተና አጠና ነበር። ያኔ የእኛ ሰው ቤት ሲፈልግ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአርሊንግተን፣ ከአሌክሳንድሪያ አይርቅም ነበር። ዋጋው ሲንር ወደ ውጭ ወጣ። ወደ ዉድብሪጅ፣ ስታፎርድ፣ ፍሬድሪክስበርግ ሄደ። በሜሪላንድ በኩልም ወደ ክላርክስበርግ፣ ፍሬድሪክ፣ ዋልዶርፍ ሄደ። ባዶ መሬት ያለው እዚያ ነው። ቤት ሠርተው የሚሸጡት ቢልደሮቹም ያሉት እዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለደንበኛ ቤት ስናሳይ አዲስ ታውንሃውስ ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በ2021 መጨረሻ ላይ አንድ ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን ሰው በኩል አገኙኝ። ሁለት ልጆች አሏቸው። ባልየው ሌሊት ይሠራል፣ ሚስትየው ነርሲንግ ትማራለች። አራት ነፍስ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ቤታቸው ስሄድ ትንሿ ልጅ የቤት ሥራዋን መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ትሠራ ነበር፤ መብራት ደህና አድርጎ የሚያበራው እዚያ ነዋ። አንጀቴን በላችው። በቃ፣ እነዚህን ሰዎች ቤት ሳላስገባ አላርፍም አልኩ።

ስድስት ወር አብረን ዞርን። 31 ቤት አየን። የ2022 መጀመሪያ ገበያ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ። አራት ቤት ላይ ኦፈር፣ ማለት በዚህ ዋጋ እንግዛ የሚል ጥያቄ፣ አስገባን፣ አራቱንም ተበለጥን። አንዱን በካሽ በከፈለ፣ ሌላውን ኢንስፔክሽን ማለትም የቤት ምርመራ ይቅርብኝ ባለ ሰው። በየመሀሉ የልጃቸውን ልደት አከበሩ፣ ሄድኩ። የባልየው አባት አገር ቤት አረፉ፣ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ቤተሰብ ሆንን።

በሜይ ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ሚስትየዋ ደወለች። «እልል በይ! ቤት ገዛን!» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ዳር የቢልደሩን የማስታወቂያ ባንዲራዎች አይተው ገብተዋል። ለማሳያ የተሠራው ሞዴል ሆም ያምራል፣ ልጆቹ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። በሩ አጠገብ ታብሌት አለ፤ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል ይሞላል። ከሥር አንድ ጥያቄ አለች፤ ከኤጀንት ጋር እየሠራችሁ ነው ወይ የምትል። ማታውኑ ፈረሙ። ዋጋው 620 ሺህ ዶላር።

ሳይቱ ላይ ለቢልደሩ ለምትሸጠው ሴትዮ ደወልኩ። ትሑት ናት፤ ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «ደንበኞችሽ ያለ ኤጀንት ነው የተመዘገቡት። ደንባችን ደግሞ ኤጀንቱ በመጀመሪያው ቀን አብሮ መምጣት አለበት ይላል» አለችኝ። ያ ቢልደር ለኤጀንት 2.5 በመቶ ይከፍል ነበር። አሥራ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዶላር መሆኑ ነው። የስድስት ወር ቤንዚኔ፣ የስድስት ወር ቅዳሜና እሑዴ ነበር።

በኋላ ባልየውን ጠየቅኩት። «ሲጠይቁህ ምን ብለህ መለስክ?»

«ኤጀንት አላችሁ ወይ አሉን፤ የለንም አልኩ» አለኝ። ግር ብሎት አየኝ። «አንቺ እኮ እህታችን ነሽ።»

ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሰውየው አልዋሸም። ሊጎዳኝም አልፈለገም። በእሱ ልብ ኤጀንት ማለት በገንዘብ የተቀጠረ ባዕድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ለቅሶ የተቀመጥኩ እህቱ ነኝ። ታዲያ ይህን ማን አስተማረው? እኔ ነኝ ያስተማርኩት! ስድስት ወር ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ስለ ልጆች፣ ስለ አገር ቤት፣ ስለ ጤና አወራን። እንዴት እንደሚከፈለኝ፣ ማን እንደሚከፍለኝ፣ መቼ እንደሚከፈለኝ አንድ ቀን አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም። ይሉኝታ ያዘኝ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። በኖቬምበር ክሎዚንግ፣ ማለት የቤቱ ክፍያና ርክክብ፣ ሲቃረብ ሚስትየዋ እያለቀሰች ደወለች። ውሉን ስትፈርም ሬቱ፣ የብድሩ ወለድ ማለቴ ነው፣ 5 ከምናምን ነበር። ክሎዚንግ ወጪ እንሸፍናለን ስላሏቸው የቢልደሩን ሌንደር (አበዳሪ) ያዙ። ሬቱ የተያዘላቸው ለ60 ቀን ነው። ቤቱ ደግሞ የሚያልቀው በስድስት ወሩ ነው። ይህን የነገራቸው የለም። ወደ መጨረሻው ሬቱ 7 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። የወር ክፍያቸው ከአምስት መቶ ዶላር በላይ ጨመረ። እንተወው እንዳይሉ 25 ሺህ ዶላር ዲፖዚታቸው ይቀራል። ውሉ የቢልደሩ ውል ነው፤ ቤቱ ሲዘገይ ለቢልደሩ ጊዜ ይሰጣል፣ ገዢው ሲያመነታ ግን ዲፖዚቱን ያስቀራል። እዚህ ካለን ኤጀንቶች አንዳችን አብረን ገብተን ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን ይሆን ነበር? «ሬቱ እስከ ክሎዚንግ ይያዛል ወይ?» አይደል?

ቤቱን ከመረከባቸው በፊት አብሬያቸው ሄድኩ። ጉድለት ያለበት ቦታ ላይ የሚለጠፈውን ሰማያዊ ቴፕ ታውቁታላችሁ። አንድ ጥቅል ጨረስኩ። የማይገጥም በር፣ የተሰነጠቀ ታይል፣ ቤዝመንት መስኮት ሥር የረጠበ ግድግዳ። እዚያ እርጥበት ላይ ቴፕ ስለጥፍ የሳይቱ ሰውዬ መጣና «ይቅርታ፣ አንቺ ማን ነሽ?» አለኝ።

ሚስትየዋ ቀደም ብላ መለሰች። «ኤጀንታችን ናት!» አለች።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ የምናወራው ኮሚሽናችንን እንዴት እንደምንጠብቅ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ኮሚሽን የሚጠበቀው በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ቡና ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የምንሮጠው ሩጫ ሁሉ ልመና ነው።

የእኛ ሰው ከአገር ቤት ይዞት የመጣው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ቤት ሲሸጥ «ያለ ደላላ» ተብሎ ይለጠፋል። ደላላ ከገባ ዋጋው ይጨምራል ተብሎ ይታመናል። ለምን? ደላላው ከገዢም ከሻጭም ስለሚቀበል ነዋ። እዚህም ሲመጣ ያንኑ ያስባል። ቢልደሩ ጋ ብቻዬን ብሄድ የኤጀንቱን ገንዘብ ይቀንስልኛል ይላል። እንደማይቀንስለት የምናውቀው እኛ ነን። አንድ ሰፈር ውስጥ ሰማንያ ቤት የሚሠራ ቢልደር ለአንዱ ዋጋ ቢቀንስ፣ የተሸጠበት ዋጋ መዝገብ ላይ ይወጣል። ገማቹ የሚቀጥለውን ቤት በዚያ ይለካዋል። የሚቀጥለው ገዢም ለእኔስ ይላል። ስለዚህ ቢልደር ዋጋ ከመንካት የክሎዚንግ ወጪ መሸፈን፣ ከፍሎ የብድሩን ሬት ማስቀነስ፣ ኦፕሽን ማለትም ለቤቱ ተጨማሪ ነገር መስጠት ይመርጣል። ለኤጀንት የሚከፍለውን ደግሞ አስቀድሞ ለሽያጭ ወጪው ይዞታል። ደንበኛው ብቻውን ሲሄድ ያ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቢልደሩ ኪስ ይቀራል። ይህን በአማርኛ፣ ቀስ ብለን፣ በቁጥር ማስረዳት የማን ሥራ ነው? ሳይት ላይ ያለችው ሴትዮ ደመወዝዋን የምታገኘው ከቢልደሩ ነው። እሷ አታስረዳልንም!

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። እዚሁ መካከላችን አለና ልናገረው። አንዳንዶቻችን ደንበኛ አዲስ ቤት ሲያነሳ «አዲስ ቤት አይረባም፣ እንጨቱ ቀላል ነው፣ ሰፈሩ አያድግም» እንላለን። ለምን? ኮሚሽኑ ያመልጠኛል ብለን ስለምንፈራ! ይህ ነውር ነው። ባለ አንድ መኝታ ውስጥ አራት ሆኖ የሚኖር ሰው የሚሆነው ቤት እዚያ ካለ፣ እዚያ ልንወስደው ይገባል። ደንበኛን ከሚጠቅመው ቤት አርቆ የተገኘ ኮሚሽን እኔ ልጆቼን አላበላበትም!

ደግሞ ሌላው ሰው ወራት ያዞረውን ደንበኛ «በእኔ ስም ተመዝገቡ፣ ከኮሚሽኔ እመልስላችኋለሁ» እያለ የሚጠልፍ አለ። ሪቤት በሕግና ኤጀንቱ በሥሩ በሚሠራበት ብሮከር ፈቃድ፣ በግልጽ ወረቀት ላይ ሲሰጥ ሌላ ነገር ነው። የምናገረው በሹክሹክታ ስለሚሆነው ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰው ደንበኛ ሲጠለፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ግን ይህን ያደረገ ሰው ዛሬ ማታ ያስብበት።

አሁን ወደ ተሰጠኝ ርዕስ ልመለስ። በኦክቶበር 31 ቀን 2023 ካንሳስ ሲቲ ሚዙሪ ውስጥ ጁሪ፣ ማለት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ በኮሚሽን ክስ በብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበርና በትልልቅ ብሮከሮች ላይ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ፈረዱ። በማርች 2024 ማኅበሩ ክሱን ለመዝጋት በ418 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ የገዢው ኤጀንት ኮሚሽን ኤምኤልኤስ ላይ፣ ማለት ኤጀንቶች የሚሸጡ ቤቶችን በሚያወጡበት የጋራ መዝገብ ላይ፣ አይለጠፍም። ቤት ከማሳየታችን በፊትም ከገዢው ጋር የጽሑፍ ውል መፈረም አለብን። ክፍያችን በግልጽ ቁጥር ይጻፋል፣ በድርድር መሆኑም ይጻፋል፣ ከተጻፈው በላይ ከማንም መቀበል አንችልም።

ብዙዎቻችሁ ይህን ለውጥ እንደ መርዶ ነው የተቀበላችሁት። እኔ ግን እፎይ ነው ያልኩት። ከአፌ አልወጣ ብሎኝ የኖረውን ነገር ደንቡ አስወጣልኝ። አሁን «ደንቡ ነው፣ መነጋገር አለብን» ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም።

ግን ተጠንቀቁ። ውሉ ላይ አዲስ ቤት በስም ካልተጠቀሰ ደንበኛው የተፈራረምነው ስለ አሮጌ ቤት ብቻ ይመስለዋል። እናም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባንዲራው ያው ይውለበለባል። ብቻውን ገብቶ ሞዴል ሆም እንዳያይ የሚከለክለው ነገር የለም። ስለዚህ እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ «መጀመሪያ ደውሉልኝ፣ አብሬያችሁ እመጣለሁ። ድንገት ብቻችሁን ከገባችሁም ደስ ይበላችሁ። ስልካችሁን ከመሙላታችሁ በፊት ግን የእኔን ስም ሙሉ። ከኤጀንት ጋር እየሠራችሁ ነው ወይ ሲሏችሁ፣ አዎ በሉ።» ቃሉን በእንግሊዝኛ አስጠናቸዋለሁ። ኢንተርኔት ላይ ፎርም መሙላትም ያው መመዝገብ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ማታ አልጋ ላይ ሆነው ፎቶ ለማየት የሞሉት ፎርም ብዙ ሰው አሳጥቶናል።

የቀረውን ባጭሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ደንበኛውን በኢሜይል አስመዝግቡና መልሱን አስቀምጡ። ምዝገባው ቀን አለው፣ ሲያልፍ አድሱት። ቢልደሩ የሚከፍለው ከመነሻው ዋጋ ይሁን ከነኦፕሽኑ በጽሑፍ ጠይቁ። ደንበኛው ኦፕሽን የሚመረጥበት ዲዛይን ሴንተር ገብቶ 60 ሺህ ዶላር ከጨመረ በ2.5 በመቶ የ1,500 ዶላር ልዩነት አለው። ቢልደሩ ከውላችን ያነሰ ከከፈለ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በክሎዚንግ ቀን አታስደንግጡት። ከሌንደርም ሆነ ከታይትል ኩባንያ በሪፈራል ስም፣ ማለት ደንበኛ ስለላካችሁ ብቻ፣ ገንዘብ አትቀበሉ፤ ሬስፓ የሚባለው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል።

እነዚያ ባልና ሚስት አሁንም እዚያው ቤት ናቸው። ትንሿ ልጅ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ጠረጴዛ አላት። ባለፈው ዓመት ሚስትየዋ እህቷን ላከችልኝ። እህትየዋ ቤቴ መጥታ ቡና ፈላ። ሁለተኛው ሳይቀዳ ወረቀቱን አወጣሁ። እንዴት እንደሚከፈለኝ፣ ማን እንደሚከፍለኝ፣ ስንት እንደሚከፈለኝ ነገርኳት። ስታዳምጠኝ ቆይታ «እህቴ ይህን እንድትነግሪኝ ብላ ነው የላከችኝ» አለችኝ።

ያንን የምገልጽበትን አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌ አባዝቼዋለሁ። ብሮከሮቻችሁ ይዩት፣ የጎደለውን ጨምሩበት፣ ስሜን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ጻፉበት። መቶ ሃምሳ ቅጂ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ስትወጡ ውሰዱ።

አመሰግናለሁ።