ያረጋገጣችሁት መልስ ለምን ስህተት ሆነ?

[ሰሌዳው ላይ ሁለት እኩልታዎች ይታያሉ]

2ኤክስ + 3ዋይ = 12
2ኤክስ − ዋይ = 4

እነዚህን በማስወገድ ዘዴ እንፍታቸው። ሁለቱም ላይ 2ኤክስ አለ። አንዱን ከሌላው ብንቀንስ ኤክስ ይጠፋና ዋይ ብቻውን ይቀራል። በሉ፣ ከላይኛው የታችኛውን እንቀንስ።

2ዋይ = 8

ዋይ 4 ሆነ። የመጀመሪያው እኩልታ ላይ ስንተካው 2ኤክስ + 12 = 12 ይመጣል። ስለዚህ ኤክስ 0 ነው። እናረጋግጥ፦ 0 ሲደመር 12፣ 12። ልክ መጣ!

ግን መልሱ ስህተት ነው።

ሁለተኛው እኩልታ ላይ ሞክሩት። 0 ሲቀነስ 4 ኔጌቲቭ 4 ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን 4 ነው። ታዲያ የመጀመሪያው እንዴት አለፈ? እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ኤክስን ያወጣነው ከዚያው ከመጀመሪያው እኩልታ ነው። ዋይ 4 ይሁን 100፣ ኤክስን ከእሱ እስካወጣን ድረስ ያ እኩልታ ሁሌም እሺ ይላል። የሚያጋልጠን ሌላኛው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ላይ ሞክሩ፤ ያልተካችሁበትን ግን በፍጹም እንዳትዘሉት።

[2ዋይ = 8 የሚለው ይከበባል]

ስህተቱ ይኸው። 3ዋይ ላይ የቀነስነው ዋይን ሳይሆን ኔጌቲቭ ዋይን ነው። ኔጌቲቭ ሲቀነስ መደመር ይሆናል፦

3ዋይ − (−ዋይ) = 4ዋይ

4ዋይ = 8፣ ዋይ 2፣ ኤክስ 3። አሁን ሁለቱም ይስማማሉ።

ቅንፏን መጻፍ አትሰልቹ። እኔ እንዲያውም መቀነስ አልወድም። የታችኛውን እኩልታ በሙሉ በኔጌቲቭ 1 አባዝቼ እደምራለሁ። የምልክት ጣጣ የዛሬ ብቻ አይደለም። በጥንቷ ቻይና ይህንኑ ዘዴ በመቁጠሪያ እንጨቶች ሲሠሩ ፖዘቲቩን በቀይ፣ ኔጌቲቩን በጥቁር እንጨት ይለዩ ነበር። እናንተም ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ሞክሩ።

ሌላ ምሳሌ።

3ኤክስ + ዋይ = 7
5ኤክስ − 2ዋይ = 8

የላይኛውን በ2 እናባዛ።

6ኤክስ + 2ዋይ = 7

አያችሁት? ግራው ተባዛ፣ 7ቷ ግን ተረሳች። በዚሁ ቀጥለን ከታችኛው ጋር ብንደምረው ዋይ ይጠፋና 11ኤክስ = 15 ይመጣል። ክፍልፋይ መልስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ግን ድንገት ሲመጣባችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። 14 ብለን ብናርመው 11ኤክስ = 22፣ ኤክስ 2፣ ዋይ 1 ይሆናል።

የመጨረሻዋን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ። ትክክለኛውን መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ አገኛችሁ እንበል፤ የእናንተ ግን ሌላ ነው። ትክክለኛውን መልስ ከላይ ጀምራችሁ በየመስመሩ ተኩ። ትክክለኛ እርምጃ መልሱን አይለውጥም፣ ስለዚህ ልክ የሆነ መስመር ሁሉ ይስማማል።

3 × 2 + 1 = 7፣ ይስማማል።
5 × 2 − 2 × 1 = 8፣ ይስማማል።
6 × 2 + 2 × 1 = 14፣ እኛ የጻፍነው ግን 7።

ተገኘ። ሙሉውን ገጽ መሰረዝ አያስፈልግም፤ ይህቺን መስመር አርሙና ከዚያው ቀጥሉ።