ስሙ ጥቁር፣ ሥዕሉ ሰማያዊ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የሚሰማችሁ ዝናብ ነው። የምቀዳው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስለሆነ ምንም ላደርገው አልችልም። ለነገሩ ለዛሬው ወሬ አይከፋም፤ ስለ ደመና ማውራቴ አይቀርም።

ቅዳሜ ዕለት ቁምሳጥን ላይ ያለውን ኮተት ሳወርድ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት ወደቀ። ከህንድ ያመጣሁት የግድግዳ ካላንደር ነው። ክሪሽና የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ አለበት። ዋሽንቱን ይዟል፣ ራሱ ላይ የጣዎስ ላባ ሰክቷል፣ ከኋላው ነጭ ላም ቆማለች። ቆዳው ደግሞ ሰማያዊ ነው። ልክ እንደ ተማሪ ዩኒፎርም።

በህንድ ፊልም ያደገ ሰው ይሄን ሥዕል አያጣውም። እናትየው እያለቀሰች የምትጸልይበት ጥግ ላይ አለ። እኔም ሳየው ነው ያደግኩት፤ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። መልሱ ያለኝ ይመስለኝ ነበራ! በእኛ ቋንቋ እኮ ሰማያዊ ማለት ቀለሙም ነው፣ የሰማይ የሆነውም ነው። «ሰማያዊ አባት» ስንል ቀለም የተቀባ አባት ማለታችን አይደለም። እና አምላክ ከሰማይ ነው፣ ሰማያዊ ቀቡት፣ አለቀ። እንዲህ ነበር የማስበው።

ከዚያ ለማስተርስ ቪሻካፓትናም ሄድኩ። አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ እኛ ቫይዛግ ነው የምንላት። የተከራየሁት ክፍል ከአንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ቤት በላይ ነበር። አማ ነው የምላቸው፤ በቴሉጉ እናት ማለት ነው። ይሄ ካላንደር የእሳቸው ወጥ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን ሩዝ ሲለቅሙ «አማ፣ ክሪሽና ለምንድን ነው ሰማያዊ የሆነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነው ሰማያዊ? ናላ ነው እንጂ!»

ናላ በቴሉጉ ጥቁር ነው። በጣቴ ካላንደሩን አሳየኋቸው። አዩት። «አዎ፣ ናላ» ብለው ወደ ሩዛቸው ተመለሱ። ሲያቆላምጡትም ናላናያ ነው የሚሉት። እኛ ጥቁሬ እንደምንለው ማለት ነው።

ያብራራችልኝ ልጃቸው ናት። ክሪሽና የሚለው የሳንስክሪት ቃል ራሱ ጥቁር ማለት ነው። ማሃባራታ የሚባለው ጥንታዊ የጀግኖች ታሪካቸው ውስጥ ያለችው ንግሥት ድራውፓዲም ጥቁር ስለሆነች ክሪሽና ትባላለች። ሌላው አምላካቸው ራማ ጥቁር ነው፣ ወንድሙ ላክሽማና ቀይ። ክሪሽናም እንደዚያው፤ ታላቅ ወንድሙ ባላራማ ነጭ ነው። ጥቁሯ አምላክ ካሊም ስሟ ከዚያው ከጥቁረት ነው የመጣው፤ ካላንደር ላይ ግን እሷም ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆና ታገኟታላችሁ።

ክሪሽና ሌላም ስም አለው፤ ሽያም። ይቺ ቃል አስቸገረችኝ። አንዱን ስጠይቅ ጥቁር ይለኛል። ሌላው ጥቁር ሰማያዊ ይለኛል። ሦስተኛው «የዝናብ ደመና አይተሽ አታውቂም?» አለኝ። ገጣሚዎቻቸው ክሪሽናን የሚያመሳስሉት ሊዘንብ ከደረሰ ደመና ጋር ነው። ሰኔ ላይ ዝናብ በሚጠበቅበት አገር ጥቁር ደመና የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የእኛም ገበሬ «ሰማዩ ጠቆረ» ሲል ደስ ብሎት ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ፈረንጅ «ጠይም ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል? ቡኒ ነው? አይደለም። ጥቁር ነው? እሱም አይደለም። ጠይም ነዋ! ቀይ የምንለው ሰውስ ቢሆን መቼ ቀይ ሆኖ ያውቃል? የሰው መልክ የምንጠራበት ቃልና የቀለም ቆርቆሮ ላይ የሚጻፈው ቃል አንድ አይደሉም። ሰዓሊ ግን ወይ ይሄን ወይ ያንን ብሩሹ ላይ መንከር አለበት። ሽያም የሚባል ቱቦ የለም። ስለዚህ ሰማያዊውን ነከረ። የራሴ ግምት ነው እንግዲህ፦ ድፍን ጥቁር ብትቀባው ያ ሁሉ የዓይን ኩል፣ ያ ቅንድብ የት ይታያል? በሰሜን ህንድ ተራሮች፣ ካንግራ አካባቢ የተሠሩትን የድሮ ትንንሽ ሥዕሎች ካያችሁ ክሪሽና ግራጫ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ነው። በጣም ያምራል። እዚያ ሥዕል ላይ ጥቁረትን የማፈር ነገር አይታየኝም።

ድንጋይ ላይ ሲሆን ደግሞ ማንም አይጨነቅም። እዚያው አንድራ ውስጥ ቲሩፓቲ ላይ ያለው ቬንካቴሽዋራ የሚባለው አምላክ ምስል ጥቁር ድንጋይ ነው። በባቡር ወደ ሰሜን ፑሪ ሄጄ ነበር፤ እዚያ ክሪሽና ጃጋናት ተብሎ፣ ከእንጨት ተሠርቶ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ክብ ትልቅ። ወንድሙ ነጭ፣ እህቱ ቢጫ። ሦስት እህትማማችና ወንድማማች በሦስት መልክ። የእኛን ቤት መሰሉኝ።

ታዲያ እነ አማ ይሄን ሁሉ እየነገሩኝ፣ ልጃቸው ማታ ማታ የሚያነጣ ክሬም ትቀባለች። የሚገዙላት እሳቸው ናቸው። ባል እየተፈለገላት ነው፤ ለሽምግልና የሚላከው ወረቀት ላይ የቆዳ ቀለም ይጻፋል። «ናላናያ ትወዱ የለ?» አልኳት እየሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ጥቁር ለአምላክ ያምራል፤ ለሙሽራ አይሆንም» አለችኝ።

የሚገርመው አማልክቱም ቤት ይሄው ጠብ አለ። ፓርቫቲ መጀመሪያ ጥቁር ነበረች። ባሏ ሺቫ፣ እሱ ደግሞ እንደ ካምፎር ነጭ ነው፣ አንድ ቀን «ካሊ» ብሎ ቀለደባት፤ ጥቁሯ እንደማለት። ተናደደች። ጥላው ጫካ ገባች። ጾማ ጸልያ ጥቁር ቆዳዋን እንደ ልብስ አወለቀችው፤ ወርቃማ ሆና ተመለሰች፣ ጎሪ ተባለች። የወለቀው ቆዳ ግን አልተጣለም። እሱም ራሱን የቻለ ሌላ አምላክ ሆነ፤ ካውሺኪ ትባላለች፣ ጋኔን የምትገድል ጀግና። እኔ ይሄን ታሪክ ስሰማ የያዘኝ እሱ ነው። ያፈረችበት ቆዳ ሄዶ ጦር ሜዳ ያሸንፋል! አማ ግን የሚተርኩት ሺቫን ለመውቀስ ነው። «ወንድ አፉን አይጠብቅም» ይላሉ።

እሺ፣ ጎሪ ነጣች እንበል። ሌሎቹ ሴት አማልክትስ? ላክሽሚ፣ ሳራስዋቲ፣ ሲታ፣ ሁሉም በየሱቁ ግድግዳ አንድ ዓይነት የወተት መልክ አላቸው። እዚህ ላይ የአንድ ሰዓሊ እጅ አለበት። ራጃ ራቪ ቫርማ ይባላል። በፈረንጆቹ ከ1848 እስከ 1906 የኖረ፣ የአሁኗ ኬረላ ሰው። አማልክቱን በአውሮፓ የዘይት ቀለም ስልት ሣለ፤ ሳሪ የለበሱ፣ ሥጋና ደም ያላቸው ቆንጆ ሴቶች አደረጋቸው። አብዛኞቹ ነጣ ያሉ ናቸው። በ1894 ቦምቤይ ውስጥ ማተሚያ ቤት ከፈተና በጀርመን ባለሙያዎች እየታገዘ ሥዕሎቹን ማባዛት ጀመረ። ዋጋቸው ረከሰ። ደሃውም ገዛ። በዘሩ ምክንያት ቤተ መቅደስ እንዳይገባ የተከለከለው ሰውም አምላኩን ቤቱ ውስጥ ሰቀለ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲሁ ልወቅሰው አልችልም። ግን ከአምላኩ ጋር ያ መልክም አብሮ በየቤቱ ገባ። ካላንደር አታሚዎች እስከ ዛሬ እሱኑ ነው የሚገለብጡት።

ክሬሙም እንደዚያው። ፌር ኤንድ ላቭሊ በ1975 ወጣ፤ በ2020 ከስሙ ላይ «ፌር»ን፣ ነጣ ያለ የሚለውን ቃል ማለት ነው፣ አንስቶ ግሎው ኤንድ ላቭሊ ሆነ። ክሬሙ ግን አሁንም ሱቅ አለ።

በ2017 መጨረሻ ቼናይ ላይ ናሬሽ ኒል የሚባል ፎቶ አንሺና ባራድዋጅ ሱንዳር የሚባል ጓደኛው ጥቁር ሞዴሎችን አስውበው ላክሽሚ፣ ዱርጋ፣ ሳራስዋቲ አድርገው አነሷቸው። ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ ለአማ አሳየኋቸው። ላክሽሚን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «እህቴን ትመስላለች» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዱሴራ በዓል ሰሞን ከተማው በዱርጋ ሥዕል ይሞላል። አንበሳ ላይ ተቀምጣ፣ የጎሹን ጋኔን ማሂሻሱራን ስትወጋ። እሷ ነጭ ናት። እሱ አንዱ ጋ አረንጓዴ፣ ሌላው ጋ ጥቁር ነው። እኔም አዋቂ ሆኜ «አያችሁ አይደል፣ ጥቁሩን ለጋኔኑ ሰጡት» አልኩ። አማ ሻያቸውን እየጠጡ፣ «የእናንተስ አገር ጋኔን ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ።

ቤታችን ሳሎን ያለው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል መጣብኝ። ሰይፉን መዟል፣ ፊቱ ቀይ፣ የሚያበራ። ከእግሩ ስር የወደቀውስ? ስንት ዓመት አይቼዋለሁ!

«ናላ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ሻይ ጨመሩልኝ።

ስመለስ ይሄን ካላንደር ሰጡኝ። እናቴ እንዲሰቀል አልፈቀደችም። «ከእመቤታችን ጎን ጣዖት? በእኔ ቤት?» ብላ አበቃች። እሱም ቁምሳጥን ላይ ወጥቶ ቀረ። ቅዳሜ መሬት ላይ ዘርግቼ ሳየው በበሩ ብቅ አለች።

«ይሄ ሰማያዊው ልጅ አሁንም አለ?»

«ጥቁር ነው እኮ እማ።»

ቀረብ ብላ፣ መነጽሯን አስተካክላ አየችው።

«ዓይንሽን ብትታዪ ይሻላል» ብላኝ ሄደች።