ሠርተው ለሚራቡት
በጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ረሃብ ነው። የአገር ቤቱን ድርቅ ማለቴ አይደለም፤ እዚሁ በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሮጡ በሚውሉ ቤተሰቦቻችን ቤት የገባውን ነው። የአካባቢው ፉድ ባንክ፣ ማለትም ምግብ አሰባስቦ ለተቸገሩ የሚያከፋፍለው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት መሠረት ከመቶ ነዋሪዎች 36ቱ በቂ ምግብ ለማግኘት ተቸግረዋል። ብዙዎቹ ሥራ ያላቸው ናቸው።

በመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን ሲሠራ የሚያድር አባት፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ እናት አስቡ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በከተማዋ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆነ። በዚህ ክፍያ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው ግብር ሳይቀነስ በወር 3,100 ዶላር ገደማ ያገኛል። ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የልጅ መዋያና ለአገር ቤት የሚላከው ሲነሣለት የተረፈው ለቀለብ ይሆናል። ኪራይ ቀንሱልኝ አይባልም፤ የሚቀነሰው አስቤዛው ነው። እናትም «እኔ በልቻለሁ» እያለች ለልጆቿ ታቀርባለች።

በዚያው ዓመት ጁላይ የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ፉድ ስታምፕ የተባለውን የመንግሥት የምግብ ድጎማ እንዳያገኙ አድርጓል። ግብር እየከፈሉ ነው የተከለከሉት። ይህ ፍትሕ አይደለም።

ፉድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሪዞና፣ ፊኒክስ ሲጀመር ሱቆች የሚጥሉትን ደኅና ምግብ ለተቸገሩ ለማድረስ ነበር። አሁን የደመወዝ ማሟያ ሆኗል። ደመወዝ ቢበቃ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልተሰለፈ፤ ስለዚህ ለደመወዝም በሠራተኛ ማኅበርና በድምፃችን መታገል አለብን። ልጆች ግን እራታቸውን የሚፈልጉት ዛሬ ነው።

የእኛ ሰው ወረፋው ላይ ብዙም አይታይም። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ወረቀት ይጠይቁኛል ብሎም ይፈራል። በአብዛኞቹ የምግብ ማደያዎች የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ይህን ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩልኝ። ብዙ ጊዜ ማደያው ክፍት በሚሆንበት ሰዓት እርሱ ሥራ ላይ ነው፤ ቢደርስም የሚሰጠው የታሸገ ሥጋ ለጾመኛ አይሆንም።

አንድ ወገናችን ሲያርፍ አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ሳንጠራራ እንሰበሰባለን፤ በዚህ ሁልጊዜ እኮራለሁ። ለሚኖረውም እንዲሁ እንድንደርስለት እለምናችኋለሁ። የሥራ አመራር ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ማኅበራችን የፉድ ባንኩ አጋር ሆኖ እንዲመዘገብና ይህ አዳራሽ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ፣ እንዲከፈት ነው። ምስር፣ ክክ፣ ሩዝና ዘይት ከፉድ ባንኩ እንጠይቃለን፤ ጤፍና ሽሮ ከእኛ መዋጮ ይገዛል። በር ላይ የሚቆሙት አስተናጋጆች አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገሩ ይሁኑ፤ የመጣውንም ሰው እንደ እንግዳ ይቀበሉት።

ሐሳቡ ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ ለውይይትና ለድምፅ ይቀርባል። ጉባኤው ተከፍቷል።