«ኢን» ሁሉ አፍራሽ አይደለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ፕሮክራስቲኔት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ነገ ዛሬ ማለት ነው። በላቲን «ክራስ» ነገ ነው። ሥራን ለነገ መግፋት ማለት ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ «ማስል» (ጡንቻ) የሚለው ቃል ከአይጥ የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በላቲን «ሙስኩሉስ» ትንሽ አይጥ ነው። ክንዳችሁን አጠፍ ዘርጋ አድርጉት። ከቆዳው ሥር አይጥ የምትሮጥ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የቀለም ማስለቀቂያው ቆርቆሮ ላይ «ኢንፍላመብል» ይላል። ከቃል ፊት የሚመጣው «ኢን» አፍራሽ ስለሆነ አይቃጠልም ብዬ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ምድጃውን አጥፊና ቆርቆሮውን ከዚያ አንሺው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ትሰሚኛለሽ።

«ኢንፍላመብል» ማለት ቶሎ በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው። «ፍላመብል» ከሚለው ጋር ፍቺው አንድ ነው። ላቲን ሁለት «ኢን» አለው። አንዱ አፍራሽ ነው፤ ሌላው «ውስጥ» ወይም «ወደ» ማለት ነው። እዚህ ያለው ሁለተኛው ነው። «ፍላማ» ነበልባል ነው፤ «ኢንፍላማሬ» ደግሞ ማቀጣጠል። የማይቃጠለው ነገር «ነንፍላመብል» ይባላል።

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም ልቤ ይደነግጣል። ትምህርት ቤት «ኢን ካለ አፍርሱት» ተብለን ስላደግን ነው። እባካችሁ፣ የቃልን ፍቺ ከፊደሉ አትገምቱ። መዝገበ ቃላት ግለጡ። እሱ ከሌለ ምልክቱን እዩ፤ በቀይ መስመር በተከበበ አራት ማዕዘን ውስጥ ጥቁር ነበልባል ካለ፣ ዕቃው ከእሳት ይራቅ። ቤንዚንም ሆነ ቲነር ክዳኑ ሲከፈት ተን ይወጣዋል። ተኑ ዓይን ሳያየው ምድጃው ድረስ ሄዶ እሳት ይዞ ይመለሳል። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥማ በፍጹም!

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ኢንቫሉዌብል» አለኝ። ዋጋ የለህም ማለቱ ነው?

መልስ፦ አይዞህ፣ አመስግኖሃል። በገንዘብ የማትተመን ነህ ማለቱ ነው። እዚህ «ኢን» አፍራሽ ነው፤ ግን ያፈረሰው መተመንን ነው። አትገምቱ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ሳላሪ» (ደሞዝ) የሚለው ቃል የመጣው የሮም ወታደር በጨው ይከፈለው ስለነበረ ነው?

መልስ፦ ቃሉ «ሳል» ከሚለው መምጣቱ እርግጥ ነው፤ ጨው ማለት ነው። ወታደሩ ደሞዙን በጨው ይቀበል ነበር ለሚለው ግን የጥንት ማስረጃ የለም። ጨው ይዞ ገበያ መውጣትስ እኛ ጋ ነበር፤ አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሠርቷል።

ጥያቄ፦ የልጄ መድኃኒት ወረቀት ላይ «ኦ ዲ» የሚል አለ። በቀን አንዴ ነው አሉኝ። ልስጣት?

መልስ፦ አትስጫት፣ ቆይ። «ኦ ዲ» አንዳንዱ ሐኪም በቀን አንዴ ለማለት ይጽፈዋል። የዓይን ሐኪም ሲጽፈው ደግሞ «ኦኩሉስ ዴክስተር» ነው፤ በላቲን ቀኝ ዓይን። «ቢ አይ ዲ» በቀን ሁለቴ፣ «ቲ አይ ዲ» በቀን ሦስቴ መሆኑን ልነግርሽ እችላለሁ። የልጅሽን መጠን ግን እኔ አልነግርሽም። ወረቀቱን ይዘሽ ፋርማሲስቱ ጋ ሂጂ፤ በአማርኛ ይጻፍልሽ።