መጀመሪያ ጀርባውን እዩ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

በእጄ የያዝኩት ቢላዋ የአያቴ ነው። ከኋላ ለተቀመጣችሁም እንዲታይ ከፍ ላድርገው። ጫፉ ተሸርፏል። ብዙ ከመሳሉ የተነሳ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ስም አልተጻፈበትም፣ ማኅተም የለውም። ገበያ ላይ ቢወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ግን ስለ ብረት ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ከዚህ ቢላዋ ነው።

አንድ ማታ ሎሚ ቆረጥኩበትና ሳላጥበው አደረ። ጠዋት ሳነሳው መልኩ ተቀይሯል። ስለቱን ተከትሎ፣ አንድ ጣት የማይሞላ ወርድ ያለው ጠቆር ያለ መስመር ወጥቶበታል። ከመስመሩ በላይ ያለው አካሉ ደግሞ ነጣ ብሎ፣ ልክ እንደ ተፈለጠ እንጨት ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩበታል። አያቴ እድሜ ልኳን ሽንኩርት የከተፈችበት ቢላዋ ሁለት ብረት ኖሯል። አካሉ ለስላሳ ብረት ነው፤ መቁረጫው አረብ ብረት። የሎሚው አሲድ ሁለቱን እኩል ስለማይበላቸው ድንበራቸውን አወጣው።

ሠሪው ለምን እንዲህ አደረገ? አረብ ብረት ውድ ነበራ። እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቆጠበ፤ መቁረጥ ያለበት ጠርዝ ላይ ብቻ አዋለው። ለስላሳው አካልም የራሱ ጥቅም አለው። ሙሉው ቢላዋ እንደ ስለቱ የጠነከረ ቢሆን ኖሮ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ እንደ ጠርሙስ ይሰበር ነበር።

ሁለቱን ማያያዝ ግን ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በከሰል እሳት ነጭ እስኪሆኑ ይግላሉ። ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስባቸዋል፤ አሸዋው ቀልጦ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሳይቀዘቅዙ ደርቦ በመዶሻ መምታት ነው። ትንሽ ቢዘገይ አይያያዙም። ከልክ ትንሽ አልፈው ቢግሉ ደግሞ አረብ ብረቱ ይቃጠላል። ቴርሞሜትር የለም። የሚለካው የቀጥቃጩ ዓይን ነው፣ አጠገቡ ደግሞ ወናፍ የሚነፋ ልጅ።

እንግዲህ ይህን የሚችል ሰው አገራችን ውስጥ ምን ተባለ? ቡዳ ተባለ። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ከእጁ ተቀበልን፤ ልጁን ለልጃችን ለመስጠት ግን እምቢ አልን። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች የመሬት ርስት ስለተነፈጋቸው ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሥራ መተዳደሪያቸው ሆኖ ኖረ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በዚህ ሙያ የታወቀች ነበረች። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. መካከል አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ በዚያ አገር ብዙ ወናፍ ዝም አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያሉ ማዋረድ ይቁም ነበር ነገሩ። ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም።

ቀጥቃጩ በሥራው ላይ ስሙን ያልጻፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እየተሰደበ የሚኖር ሰው ስሙን ምን ብሎ ይቀርጻል? ስሙን ባናገኝም ሥራው እጃችን ላይ አለ። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው፤ ስም የሌለውን ስለት እንዴት እንደምናነብ።

አሮጌ ስለት ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ሰው ሁሉ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይሞክራል። ስለት በተሳለ ቁጥር ይቀየራል፣ ጀርባ ግን ብዙም አይነካም። ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። በመዶሻ የተሳበ ቢላዋ እጀታው ዘንድ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከላሜራ ተቆርጦ የወጣ ከሆነ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። ቀጥሎ ወደ መስኮት ውሰዱትና ብርሃን በጎን እንዲመታው አድርጉ። የመዶሻ ምት ጥልቀት የሌለው ጎድጎድ ትቶ ያልፋል፤ ዓይን ቢያጣው ጣት ያገኘዋል። ከሁለቱ ጎኖች አንዱ ከሌላው ትንሽ ቢለይም አትደነቁ። የእጅ ሥራ እንዲያ ነው።

ከዚያ ዝገቱ። የዕድሜ ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው። የተኛ ነው፣ በጣት ቢታሽ አይለቅም። ቀይና ለስላሳ ሆኖ እጅ የሚያቀልም ዝገት የቅርብ ጊዜ ነው። በጨው ውኃና አፈር ውስጥ ቀብሮ ማስረጀት ደግሞ የታወቀ የሻጭ ዘዴ ነው። ጭራሽ የማይዝግ ሆኖ «የቅድመ አያቴ ነው» ከተባላችሁም አንድ ዓመት አስታውሱ። የማይዝግ የቢላዋ ብረት እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ የተሠራው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ጎራዴ ልምጣ፤ አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ለእሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ቅድመ አያቴ አድዋ የዘመቱበት ጎራዴ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ በአክብሮት እቀበለዋለሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ከዚያ ግን ጎራዴውን ሦስት ቦታ ከፋፍዬ ነው የማየው። ስለቱ አንድ ዕድሜ አለው። እጀታው ሌላ ዕድሜ አለው። አፎቱ ደግሞ ሌላ። በዚያ ዘመን ብዙ የጎራዴ ስለት ከአውሮፓ ይመጣ ነበር፤ በተለይ ከጀርመኗ የስለት ከተማ ከሶሊንገን። ፈረንሳይም እንግሊዝም ልከዋል። እዚህ ሲደርስ የእኛ ሰው የቀንድ እጀታ ይሠራለታል፣ ቆዳ ፋቂው ደግሞ አፎቱን ያለብሰዋል። ስለዚህ ጎራዴው የማን አገር ሥራ ነው ብትሉኝ የሁለቱም ነው እላለሁ። አፎቱ የለበሰበትን ቦታም እዩ። የእኛ ሰው ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ነበር የሚታጠቀው፤ ግራው ጋሻ ይዟል።

አንዳንዱ ስለት ላይ የይሁዳ አንበሳ በግዕዝ ጽሑፍ ታጅቦ ይገኛል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በአሲድ የተበላ ሥዕል ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከጥፍር ጭረት አይበልጥም። በመርፌ ወይም በትንሽ መሮ የተቀረጸ ሲሆን ግን ቦዩ ሹል ይሆናል፤ በአጉሊ መነጽር የመሮው ዱካ ይታያል። አሮጌ ነው በተባለ ዝገት ላይ አዲስ የሚያብለጨልጭ ቦይ ካያችሁ አንበሳው ትናንት ነው የተወለደው።

የፋብሪካ ማኅተም ካለ ዘመን ለማጥበብ ይረዳል። እንግሊዝ በ1887 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ምክንያት ወደ ገበያዋ የሚገባ የጀርመን ዕቃ «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ መያዝ ጀመረ። ስለዚህ ይህን የያዘ ስለት ከዚያ ወዲህ ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። ፈረንሳዮች ደግሞ የጦር ጎራዴያቸው ጀርባ ላይ የፋብሪካውን ስም፣ ወሩንና ዓመቱን በቀጭን ጽሑፍ ይቀርጹ ነበር። አያችሁ፣ እዚህም ጀርባ ነው!

ማኅተም ግን ይዋሻል። የጀርመን ከተሞች የፓሳውና የሶሊንገን ስለት ሠሪዎች የሚሮጥ ተኩላ ምልክት ነበራቸው። ምልክቱ ስለተወደደ ሌላው ሁሉ ቀዳው፤ ከካውካሰስ እስከ ሱዳን ድረስ ያልቀዳው ጥቂት ነው። ሌላም ልጨምር። አንዳንድ እጀታ ጫፉ ላይ ጠገራ ብር ተለጥፎበታል፣ ብሩ ላይ 1780 ተጽፏል። ባለቤቱ በደስታ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው!» ይላል። የማርያ ትሬዛ ብር ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ የኖረ ነው። 1780 ስለ ጎራዴው ምንም አይነግረንም።

ስለቱ ላይ በርዝመቱ የወረደውን ቦይ «የደም መውረጃ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ቦዩ ስለቱን ያቀለዋል፣ ጥንካሬውን ግን አይቀንስበትም። ሾተሉን ደግሞ እዩት። እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው፣ ቦይ የለውም፤ መሐሉ ጎበጥ ብሎ በሁለቱም በኩል ይሳላል። ቁልምሙ የጠላትን ጋሻ ዞሮ ለመድረስ ነው። ሾተል ሳይ የእኛ ቀጥቃጭ በራሱ አሳብ የተጠበበበትን ሥራ አየሁ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ከማንኛውም ባለ አንበሳ ጎራዴ አስበልጬ እወደዋለሁ።

መኪና አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሌስትራ፣ ከመኪናው ሥር ክብደቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ መጣ። ዛሬ ገጠር ሄዳችሁ የምትገዙት ጥሩ ካራ ወይም ገጀራ አብዛኛው የጭነት መኪና ባሌስትራ ነበር። አንዳንዱ ላይ የመሐል ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ግማሹ ቀርቶ ይታያል። ባሌስትራ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው አለ። እኔ አልንቅም። ብረቱ ጥሩ ነው፤ የሚጎድለው የሚያውቅ እጅ ብቻ ነው።

ያንን እጅ አንድ ቀን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ አየሁት። ጫጫታውን ታውቁታላችሁ፤ መቶ መዶሻ በአንዴ። አንድ ሽማግሌ ባሌስትራ ካራ ከእሳት አወጡ። ማግኔት ቢያስጠጉት የማይስብበት ደረጃ ግሏል፤ ይህ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እሳቸው ማግኔት አያስፈልጋቸውም፣ ቀለሙን ያውቁታል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ስለቱን ብቻ አጠለቁት። ጀርባው ገና ግሎ ነበር። ወዲያው አውጥተው ስለቱን በሸክላ ስባሪ ፈገፈጉትና ብረቱ ብልጭ አለ። «እይ» አሉኝ። አየሁ። ከጀርባው የተረፈው ሙቀት ወደ ስለቱ እየተጓዘ ነው፤ ከፊቱም ቀለም ይነዳል። መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ከኋላው ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። ገለባው ስለቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ካራውን ውኃ ውስጥ ከተቱት። ትንሽ ቢቆዩ ስለቱ ሰማያዊ ይሆንና ይለሰልስ ነበር። ቸኩለው ቢሆን ደግሞ ይሸራረፍ ነበር። ነገሩ ሁሉ ከአስር እስትንፋስ አልበለጠም። ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው። «አባቴ» አሉኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት የአንድ ዘመዴን ጎራዴ «እንዲጸዳ» ብዬ ወደ አንድ ብረታ ብረት ቤት ወሰድኩ። ደህና ሰዎች ናቸው፣ ክፋት አልነበራቸውም። በግራይንደር አብለጨለጩት። ስወስደው መስታወት መስሎ ነበር፤ ፊቴን አየሁበት። አንበሳው የለም። ከእጀታው ሥር የነበረችው ትንሽ ማኅተምም የለችም። ቤተሰቡ በደስታ ተቀበለኝ፣ እኔ ግን ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ በኋላ ነው። ያ ጎራዴ ዛሬም ግድግዳ ላይ አለ። የመጣበትን አገርና ዘመን ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ግራይንደር አታስነኩ። ብርጭቆ ወረቀትም አታስነኩ። ጥቁሩ ዝገት ይቆይ፣ ለብረቱ ልብስ ነው። ቀዩን ዝገት የስፌት መኪና ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩትና በጨርቅ ጥረጉት። ደግማችሁ ደጋግማችሁ አድርጉት፤ በአንድ ቀን አይለቅም። ስለቱን በቆዳ አፎት ውስጥ ከታችሁ አታስቀምጡ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም ኬሚካል ብረት ይበላል። አፎቱንና ስለቱን ለየብቻ አስቀምጡ። በሞረድ ልፈትነው የሚላችሁን ሰውም «ተወው» በሉት።

እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ። በባትሪ ብርሃን ጠርዙ እንደ ማር ያስተላልፋል፤ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት እንደ ፀጉር ያሉ ክሮች ናቸው። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ የተከለከለ ነው። ቅርስ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ፈቃድ ይፈልጋል። ውጭ አገር ላሉ ልጆቻችሁ በሻንጣ ልላክ የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን እወቁ።

በሕይወት ያሉ ሽማግሌ ካሏችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁ። ማን ሠራው? ከየት ገበያ ተገዛ? ማን ይስለው ነበር? መልሱን በወረቀት ጻፉና ከስለቱ ጋር አስቀምጡት። የአያቴን ቢላዋ ማን እንደሠራው ሳልጠይቃት አለፈች። ገበያውን እንኳ አላውቀውም።

እንግዲህ ከጀርባ ሁለት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። መብራት በጎን አድርገናል፣ አጉሊ መነጽር አለ፣ ሎሚ ግን የለም፤ በሰው ቅርስ ላይ አልሞክርም። ይዛችሁ የመጣችሁትን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጡ፤ ስትሰጡኝ እጀታውን ወደ እኔ አድርጉ። ባለ አንበሳ ጎራዴ ያላችሁ በቀኝ በኩል ተሰለፉ። የኩሽና ቢላዋ ያላችሁ በግራ። በግራ ካለው ጠረጴዛ ነው የምጀምረው።